አርባው ቋጠሮ ሲጎድል

ሪያሊን ቦርሳውን ያዘዘችው ለሠርጓ ሰባት ሳምንት ሲቀረው ነው። ያን ቀን እኔ ሱቄ ውስጥ ሳሙና እየደረደርኩ ነበር። የናንግ ፓኒንግ በረንዳ መንገዱን ተሻግሮ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ እዚያ የሚባለው ሁሉ እኔ ጋ ይደርሳል።

«ናንግ፣ ትልቅ ነገር አይደለም» አለቻት ሪያሊን። «በእጄ የምይዛት ትንሽ ቦርሳ ናት። ስልኬንና የከንፈር ቀለሜን ከያዘች ይበቃኛል። ቀለሟ ብቻ ከቀሚሴ ጋር ይሂድ፤ ክሬም ይሁን።»

«ይኼ ደግሞ ሥራ ሆኖ ነው?» አለች ናንግ ፓኒንግ። «ይኼን ለኢንዳይ ሉዝ ስጫት። እኔ ሌላ ቁም ነገር እሠራልሻለሁ።»

ኢንዳይ ሉዝ እኔ ነኝ፤ በእኛ ዘንድ ታላቂቱን ሴት ናንግ፣ ታላቁን ወንድ ኖንግ፣ ታናሺቱን ኢንዳይ እንላለን።

«የሉዝን ሥራ አይቼዋለሁ» አለች ሪያሊን፣ እንድሰማት ፊቷን ወደ መስኮቴ አዙራ። «ስልኬ በቀዳዳው ሾልኮ መንገድ ላይ ይቀራል።»

«ያንቺ ስልክ ቢወድቅ ነው የሚሻለው» አልኳት። «ሙሽራው ትንሽ ያርፋል።»

ናንግ ፓኒንግ እየሳቀች ተስማማች። ሪያሊን የክርስትና ልጇ ናት፤ እምቢ የሚያስብል ነገርም አልነበረም። በሚያጋኦ ከባሕሩ ወዲህ ባለው ሰፈራችን የናንግ ፓኒንግ ዳንቴል የሌለበት ቤት የለም። የጸሎት ቤቱን የመሠዊያ ልብስ የሠራችው እሷ ናት። ኪሮሽ አያያዝ ያስተማረቻቸው ሴቶች ቢቆጠሩ ከሃያ ይበልጣሉ፤ እኔም አንዷ ነኝ፣ ከሁሉም ሰነፏ። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። እንዲህ ያለ ቦርሳ ለእሷ የአንድ ቀን ተኩል ሥራ ነበር። አርባ ቋጠሮ ሰንሰለት ትጀምራለህ፣ በላዩ ላይ እየተመላለስክ ክንድ የሚያህል እስኪሆን ትሠራለህ፣ ከሦስት ታጥፈዋለህ፣ ጎንና ጎኑን ትሰፋለህ፣ ገበርና አንዲት ቁልፍ ታበጅለታለህ። አለቀ።

ሰኞ ጀመረች። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሥራዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ ዝም ብላ ስታየው አየኋት። ከዚያ ክሩን ከጫፉ ይዛ ሳበችው። ትርትር እያለ እስከ መጀመሪያው ሰንሰለት ድረስ ተፈታ።

«ምን ሆነ ናንግ?» ብዬ ጮህ አልኩ።

«ክሩ ነው» አለች። «የዘንድሮ ክር እርስ በርሱ አይያያዝም።»

እኔም ክሩን ረገምኩላትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ክሩ እንዳልነበረ የነገረችኝ በኋላ ነው። በአርባ የጀመረችው ከታች ሰፊ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ጠበብ እያለ የቤት ጣሪያ መስሎባት ነበር። የላይኛውን መስመር ስትቆጥር ሠላሳ ሦስት አገኘች። ሰባቱ ቋጠሮ የት እንደገባ አታውቅም። ደግማ ጀመረች፤ በዐሥረኛው መስመር ሠላሳ ሰባት ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ ጀመረች፤ አሁን እየቆጠረች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። አርባ ብላ ታበቃለች፤ በማግስቱ ስትቆጥረው ሠላሳ ዘጠኝ ነው። መቁጠሯን እርግጠኛ ናት። ጨርቁ ደግሞ አልቆጠርሽም ይላታል።

ሌላ ሰው ቢሆን እርጅና ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ናንግ ፓኒንግ ግን እናቷን አይታለች።

እናቷ ሎላ ማክሲማ በዘመኗ ከልጇም የበለጠች ባለሙያ ነበረች። በእሷ የጀመረው በአንድ ክብ የጠረጴዛ ልብስ ነው ይላሉ። መሐሉ ደህና ነበር፤ ዳሩ ግን እንደ ጎመን ቅጠል ተንጨፈረረ። ሳታውቀው ቋጠሮ እየጨመረች ኖሯል። ያኔ ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀባት። በሦስተኛው ዓመት አንድ ማለዳ ናንግ ፓኒንግ ገንፎ ስታቀርብላት ሎላ ማክሲማ ቀና ብላ አየቻትና፣ በትሕትና፣ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ የኔ እመቤት?» አለቻት። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረች። እኔ ልጅ ሆኜ አስታውሳታለሁ፤ የሞተ ባሏን ልትቀበል በየቀኑ ጀልባዎቹ ወደሚወጡበት ትሄድ ነበር፤ ናንግ ፓኒንግ ጥላ ይዛ ከኋላ ከኋላዋ።

ስለዚህ ሰባቱ የጠፉት ቋጠሮዎች ለናንግ ፓኒንግ ቋጠሮ ብቻ አልነበሩም።

ከዚያን ሳምንት ጀምሮ ራሷን መሰለል ያዘች። ሩዙ ሲያርባት፣ አንድ። እኔን በእህቴ ስም ስትጠራኝ፣ ሁለት። ኪሮሹን ቤቱን ሁሉ ፈልጋ ፀጉሯ ውስጥ ሰክታው ስታገኘው፣ ሦስት። እነዚህ ነገሮች በፊትም ይደርሱባት ነበር፤ ማንም ላይ ይደርሳሉ። አሁን ግን እያንዳንዱን ከበሩ ጀርባ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በነጥብ ትመዘግበው ጀመር። ማርያምን ስትለምን በመሐል ቆም ብላ ከኢሎይሎ ወደ እኛ በሚመጣው መንገድ ላይ ያሉትን ከተሞች ትጠራለች፤ ኦቶን፣ ቲግባዋን፣ ጊምባል፣ ሚያጋኦ። ደግሞ ከታች ወደ ላይ። ከተሳካላት ጸሎቱን ትቀጥላለች። የጎረቤቱን ልጆች ሁሉ በስምና በተወለዱበት ዓመት ታስባቸዋለች። ይኼን ስትነግረኝ፣ የጎረቤታችን የኖንግ ዶሮይ ሦስተኛ ልጅ የተወለደበትን ዓመት ያጣችበትን ቀን አልረሳችውም። ገበያ መሐል ቆማ፣ እጇ ላይ ዓሣ ይዛ፣ ላብ አጥምቋት ነበር።

ለባሏ አልነገረችውም። ኖንግ ሴልሶ ጎኑ ላይ ወንበር የተገጠመለት ሞተር ነው የሚነዳው፤ ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ሲያስቅ ውሎ ቤቱም ሲገባ አፉ አያርፍም። አንድ ማለዳ ቡናውን ስትቀዳለት ግማሹን ከኩባያው ጎን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰችው።

«ጠረጴዛውን ቡና አስለመድሽው» አላት። «ነገ ደግሞ ዳቦ ይለናል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አታጣለትም። ያን ቀን ግን ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች። ኖንግ ሴልሶ ግራ ገብቶት ወደ ሱቄ መጣ።

«ኢንዳይ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለኝ። «ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ስቀልድ አንድ ቀን አኩርፋ አታውቅም። ዛሬ አለቀሰች።»

«የሠርግ ዝግጅቱ ይሆናላ» አልኩት።

«እኛ ነን እንዴ የምንጋባው?» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። ግን አልሳቀም። ሞተሩን ሳያስነሳ ብዙ ቆየ።

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሪያሊን ቦርሳውን ልታይ መጣች። ያን ጊዜ ዝናብ ሊጥል አየሩ ጨፍግጓል። ከመስኮቴ የናንግ ፓኒንግን ፊት አየሁት፤ ዕቃ የሰበረ ልጅ ፊት ነበር።

«አልቋል» አለቻት። «ገበሩ ብቻ ነው የቀረው።»

«እስቲ ልየው ታዲያ።»

«ሙሽራ ከቀኑ በፊት አታይም።»

«ናንግ፣ እሱ እኮ ቀሚሱ ነው። ያውም ሙሽራው እንዳያየው ነው የሚባለው።»

«ቦርሳውም እንደዚያው ነው» አለች ናንግ ፓኒንግ። ድምፅዋ ስለጠጠረ ሪያሊን ሳቋን ዋጠች። ጉንጯን ስማት ሄደች። እኔ ግን ናንግ ፓኒንግ በዕድሜዋ ሙሉ ስትዋሽ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ከኋላዋ ያለው ወንበር ላይ ያለቀ ቦርሳ ሳይሆን የተተረተረ ክር ይታየኝ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ስለተፈታ እንደ በግ ፀጉር ተንጨባሯል።

ዝናቡ ሲጀምር መንገዱን ተሻግራ መጣች። ጥላ አልያዘችም። የሱቄን መስኮት እንድዘጋ ጠየቀችኝ። ከዚያ ከቀሚሷ ኪስ ሥራዋን አውጥታ ሳሙናዎቹ መሐል ዘረጋችው።

«ቁጠሪልኝ» አለች።

ቆጠርኩ። የመጀመሪያው መስመር አርባ ነው። ሁለተኛውም አርባ። ሦስተኛው ሠላሳ ዘጠኝ። ስድስተኛው ሠላሳ ሰባት።

«ስንት ነው?»

«ሠላሳ ሰባት።»

«እኔ አርባ ነው የቆጠርኩት» አለች። «ኢንዳይ፣ አርባ ነው የቆጠርኩት። እናቴም እንዲህ ነበር የምትለን።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ፤ ቀን መቁጠሪያውን፣ ነጥቦቹን፣ ከተሞቹን፣ ገበያውን። እያወራች እጆቿ ሥራውን ያጥፉታል፣ ይዘረጉታል። «ምንም የለብሽም» ማለት ቀላል ነበር፤ ግን ቆጥሬዋለሁ። ሠላሳ ሰባት ነው።

«ለኖንግ ሴልሶ ንገሪው» አልኳት።

«ይቀልድብኛል።»

«አይቀልድም።»

«እሱ ነው የባሰው» አለች። «ካልቀለደ ምን እሆናለሁ?»

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ እንድትሄድ ለመንኳት። እምቢ አለች። ሐኪም የበሽታውን ስም ከጠራው እውነት ይሆናል ነበር የምትለው። በሦስተኛው ቀን ግን ራሷ መጣች፤ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን በዘይት አሲዛ። ሱቄን ለእህቴ ሰጥቼ አብሬያት ሄድኩ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ፊቷ ደከም ያለ፣ ንግግሯ ግን ለስላሳ። ናንግ ፓኒንግ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት፤ የእናቷንም ጭምር። ሥራዋንም አውጥታ አሳየቻት፤ በሽታ የሚታየው በእሱ ላይ ነው በሚል።

«ሦስት ቃል እነግርዎታለሁ» አለች ሐኪሟ። «ይያዙልኝ፤ በኋላ እጠይቅዎታለሁ። ማንጎ፣ ወንበር፣ ድልድይ።»

ከዚያ ቀኑን ጠየቀቻት። ናንግ ፓኒንግ ቀኑንም፣ የዕለቱንም ቅዱስ ስም ነገረቻት። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሰች እንድትሄድ ጠየቀቻት። «ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰባ ዘጠኝ፣ ሰባ ሁለት» እያለች ሐኪሟ እስክታስቆማት ድረስ ወረደች። እኔ ሰማንያ ስድስት ላይ ቀርቼ ነበር። በመሐል ግን የደም ግፊቷ ሲለካ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ማንጎ፣ ወንበር፣ ድልድይ። ማንጎ፣ ወንበር፣ ድልድይ።

«ሦስቱ ቃላት?»

ናንግ ፓኒንግ አለቻቸው። ድምፅዋ ግን እንደ ተከሳሽ ነበር።

ሐኪሟ ሥራውን አንስታ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ኪሮሽ እንደማትችል ነገረችን፤ ቢሆንም ጠርዙን በጣቷ ተከተለችውና፣ «የሚጎድለው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው?» አለች።

እኔ መለስኩ። «አዎ። መሐሉ ደህና ነው። የመስመሩ የመጨረሻው ቋጠሮ ላይ ሳትደርስ ትመለሳለች።»

«እስቲ ቀኝ ዓይንዎን በእጅዎ ይሸፍኑ» አለቻት። «አሁን ይቺን ልጅ ያዩዋታል?»

ናንግ ፓኒንግ ወደ እኔ ዞረች። ብዙ ቆየች።

«ጭስ ውስጥ ናት» አለች።

ሐኪሟ በትንሽ ባትሪ ዓይኗን አየች። የግራው ላይ ሞራ ወፍሯል፤ ቀኙም ላይ ጀምሯል። ክሬም ክር፣ የጨፈገገ በረንዳ፣ ጠርዝ ላይ ተጣብቆ የሚቀር አንድ ቋጠሮ። አላየችውም፤ ያላየችውን ደግሞ መቁጠር አትችልም። ቆጥራ ስትጨርስም አርባ መሆን አለበት ብላ ስለምታስብ፣ አንዱን ቋጠሮ ሁለቴ ሳትቆጥረው አትቀርም። ቡናውም ከኩባያው ጎን የፈሰሰው በዚሁ ነው፤ አንድ ዓይን ሲደክም ሩቅና ቅርቡ ይምታታል።

እኔ ደስ ብሎኝ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ናንግ ፓኒንግ ግን ፊቷ አልተፈታም።

«እናቴንስ የያዛት ይኼው ነበር?» አለች።

«እናትዎን አላየኋቸውም» አለች ሐኪሟ። «እንደነገሩኝ ከሆነ የእሳቸው ሌላ ነው።»

«እኔንም ሊይዘኝ ይችላል?»

«ዛሬ የሚያሰጋ ነገር አላየሁብዎትም። ስለ ነገው ቃል ልገባልዎት አልችልም፤ ለማንም አልገባም። የዓይንዎ ግን ይድናል።»

ለቀዶ ጥገናው ወደ ኢሎይሎ ከተማ የሚያስልክ ወረቀት ጻፈችላት። ወረፋው ግን በሐምሌ ነው። ሠርጉ ደግሞ የዛሬ ዐሥራ አንድ ቀን።

ስንመለስ በተሳፋሪ መኪናው ውስጥ ናንግ ፓኒንግ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ መንገዱን ታይ ነበር። የከተሞቹን ስም በልቧ የምትጠራ ትመስል ነበር። በመጨረሻ፣ «ሐኪሟ ትሳሳት ይሆን?» አለችኝ።

«ዓይንሽን አይታዋለች ናንግ።»

«ዓይኔን አይታዋለች» አለች። «ውስጡን ግን አላየችውም።»

ለኖንግ ሴልሶ ያን ዕለት ነገረችው፤ በረንዳ ላይ፣ ምሳ እየበላ። ከመስኮቴ ሳላይ ማለፍ አልቻልኩም። አልቀለደም። የደረቀውን ዓሣ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ፣ ጣቶቹን ጠረገ፣ እጇን ያዘ። ናንግ ፓኒንግ የፈራችው ይኼን ዝምታ እንደነበር ስለማውቅ እኔም ፈራሁ። ቆይቶ ግን፣ «ታዲያ እስከ ዛሬ መልከ መልካም መስዬሽ የኖርኩት በሞራው ነዋ» አላት። «ሲነሳ ጉዴ ፈላ።»

«ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት ደህና ነበር የማየው» አለች ናንግ ፓኒንግ። «እሱ ነው የሚቆጨኝ።» እየሳቀች ታለቅስ ነበር።

ቦርሳው ግን ገና ነው። ለሌላ ሰው እንድትሰጠው መከርኳት፤ አልሰማችኝም። ጥቁር ክር ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር፤ ሙሽራዋ የጠየቀችው ግን ክሬም ነው። በመጨረሻ እየፈራሁ አንድ ነገር አልኳት። እኔን ስታስተምረኝ በየመስመሩ መጀመሪያና መጨረሻ ቋጠሮ ላይ ቀይ የክር ቁራጭ ታስርልኝ ነበር፤ እንዳልስት።

«እሱ ለጀማሪ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ለሰነፍ ጀማሪ ነው።»

«ለእኔ ነበር እኮ ናንግ።»

ክሯን ይዛ ሄደች። በማግስቱ ጠዋት በረንዳዋ ላይ ቀይ ክር በትናንሽ እየቆረጠች አየኋት። ወንበሯን ፀሐዩ ወደሚያገኘው ጥግ አዙራለች። አንድ መስመር በሠራች ቁጥር ወደ ሱቄ እየመጣች ታስቆጥረኛለች። አርባ። አርባ። አርባ። ደንበኛ ቆሞ ሳለም ትመጣለች። አንዴ ዘይት እየቀዳሁ ሳልቆጥር «አርባ ነው» ብያት ነበር፤ ፊቴን አይታ፣ «ቁጠሪ» አለችኝ። ቆጠርኩ። ሠላሳ ዘጠኝ ነበር። ያን ቀን ሁለታችንም ምሳ አልበላንም። መስመሩን ተርትራ እንደገና ሠራችው። ለስምንት ቀን ያህል እንዲህ ሆንን። የአንድ ቀን ተኩል ሥራ።

ቁልፏ ከዛጎል የተሠራች ናት፤ ኖንግ ሴልሶ ከከተማ ገዝቷት መጣ። ገበሩን እኔ ሰፋሁት። እጄ እንደማያምር ብታውቅም ዝም አለችኝ።

የሠርጉ ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከእሷ ጎን ተቀመጥኩ። ሪያሊን ስትገባ ሰው ሁሉ ቀሚሷን ያያል፤ ናንግ ፓኒንግ አንገቷን ወደ ግራ አዘንብላ በደህናው ዓይኗ እጇን ብቻ ነበር የምታየው። «የቀኙ ጠርዝ ይታያል?» እያለች ታንሾካሹካለች። «ተንጋዷል? ሰው አየው?» አልተንጋደደም። በእርግጥ ከላይኛው እጥፋት አጠገብ ትንሽ፣ ጣት የማታህል ቦታ ጠበብ ትላለች፤ ካልነገሩት የሚያየው የለም። እኔ ለማንም አልነገርኩም። ከሥርዓቱ በኋላ ሪያሊን አቅፋት፣ ስልኳን ከቦርሳው ስባ አውጥታ፣ «አየሽ ሉዝ፣ አልወደቀም» አለችኝ። ናንግ ፓኒንግ ይኼን ስትሰማ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

በሐምሌ ለግራ ዓይኗ ቀዶ ጥገናው ተደረገላት። ጨርቁ ሲነሳላት መጀመሪያ ያየችው የራሷን ወጥ ቤት ነበር፤ እንዴት ያለ ቆሻሻ ውስጥ ስንኖር ከረምን ብላ ሁለት ቀን ሙሉ ግድግዳ አጠበች። ከዚያ የድሮ ሥራዎቿን አንድ በአንድ እያወጣች ስህተት ፈለገችባቸው፤ አገኘችም። የቀን መቁጠሪያውን ከበሩ ጀርባ አነሳችው። ለጸሎት ቤቱ አዲስ የመሠዊያ ልብስ ጀምራለች፤ ያለ ቀይ ክር።

ባለፈው ሳምንት ጥጥ ልትገዛ መጥታ፣ «የዓይኔን ሞራ ያገኘችው ሐኪም ስሟ ማን ነበር?» አለችኝ። «ከጠዋት ጀምሮ እፈልገዋለሁ።»

ስሟን አውቀዋለሁ። ግን የናንግ ፓኒንግን ፊት አየሁት፤ እጇም የመስኮቴን ጠርዝ ጥብቅ አድርጎ ይዟል።

«እኔም ጠፍቶብኛል» አልኳት።

አየችኝ፤ አሁን በሁለቱም ዓይኗ። ከዚያ ጥጡን ይዛ መንገዱን ተሻገረች፤ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣም ሥራዋን አነሳች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ከዚህ ይታየኛል። እየቆጠረች ይሁን ስሙን እየፈለገች ግን መለየት አልቻልኩም።